ጋሻውን ማን ገዛው?

እ.ኤ.አ. በ1953 ፈረንሳውያን አርኪዮሎጂስቶች በደቡብ ግሪክ፣ በአርጎስ ከተማ፣ አንድ የቆየ መቃብር ከፈቱ። ውስጡ የነሐስ ቁርና የነሐስ ጥሩር ነበረ። ጥሩሩ ከሁለት ቁራጭ የተገጠመ ነው፤ አንዱ ለደረት፣ አንዱ ለጀርባ። ወገቡ ላይ ሰብሰብ ብሎ ከታች እንደ ደወል አፍ ይከፈታል። ቁሩ አናቱ ላይ ጎፈር የሚሰካበት ከፍ ያለ ማቀፊያ አለው። እስከዚህ ድረስ የጦረኛ መቃብር ነው። ነገሩን የሚያጣፍጠው አብሮ የተቀበረው የማድ ቤት ዕቃ ነው፦ 12 የብረት የሥጋ መጥበሻ ዘንጎች፣ እነሱም እሳት ላይ የሚያርፉባቸው በጦር መርከብ ቅርጽ የተሠሩ ሁለት ማሳረፊያዎች። ዘመኑ ወደ 720 ገደማ ነው። (ከዚህ በኋላ «እ.ኤ.አ.» ካላልኩ በቀር የምጠራው ዓመት ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት ያለው ነው።)

ሰውየው ሰንጋ ጥሎ የሚጋብዝ ሰው ነበር ማለት ነው። ዘንጎቹም ለጥብስ ብቻ አያገለግሉም ነበር። ግሪኮች ሳንቲም መምታት ሳይጀምሩ የብረት ዘንግ እንደ ገንዘብ ይቆጠር ነበር፤ በኋላ «ኦቦል» ያሉት ትንሹ ሳንቲም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ዘንግ ነው። «ድራክማ» ደግሞ «ጭብጥ» ማለት ነው፤ በአንድ እጅ የሚጨበጡ ስድስት ዘንጎች። በዚህ አቆጣጠር የአርጎሱ ሰው ሁለት ጭብጥ ይዞ ተቀበረ።

ስለ ግሪክ ከባድ እግረኛ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከጦር ሜዳ ይጀምራል፤ ማራቶን፣ ቴርሞፒሌ፣ የጋሻ ግንብ። እኔን የሚስበኝ ግን ይህ መቃብር ነው። ለሰውየው ጥሩር ያደለው መንግሥት አልነበረም። ከኪሱ አውጥቶ ገዛ፣ ለበሰ፤ ገዝቶ በመልበሱም ከሌላው ተለየ። ሆፕሊት የሚባለው ሰው በግሪክ ከተማ-መንግሥታት ውስጥ ለአራት መቶ ዓመት ያህል የኖረው በዚህ ውል ነው። ሰፈር የለው፣ ቋሚ ደመወዝ የለው፣ ከስፓርታ በቀር ይህ ነው የሚባል ሥልጠናም የለው። ያለው ትጥቁ ነው፤ ትጥቁም የራሱ ነው።

ስሙ እንኳን የመጣው ዘግይቶ ነው። «ሆፕሊት» የሚለው ቃል በጽሑፍ የሚታየው ገና በ5ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ያኔ ሰዎቹ በዚህ ትጥቅ መዋጋት ከጀመሩ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። ለረጅም ጊዜ ቃሉ የመጣው ከጋሻው ስም ነው ሲባል ኖሯል፤ ግን ግሪኮች ጋሻውን በአብዛኛው የሚጠሩት «አስፒስ» ብለው ነው። «ሆፕላ» ትጥቅ በሞላ ነው። ስለዚህ ሆፕሊት ማለት በቀላሉ «የታጠቀ» ማለት ነው፣ ያልታጠቀ ብዙ ሰው ባለበት ሀገር።

የጎልያድን ታሪክ በልጅነቱ የሰማ ሰው ዕቃዎቹን ያውቃቸዋል፦ የነሐስ ቁር፣ ጥሩር፣ የቅልጥም ገምባሌ፣ ጦር። ከሁሉም የሚለየው ጋሻው ነው። ከዳር እስከ ዳር 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ይመዝናል። እንጨት ነው፣ እንደ ትልቅ ገበቴ የጎደጎደ፤ ፊቱ ወይም ጠርዙ በስስ ነሐስ ይለበጣል። አያያዙ ነው አዲሱ ነገር። ግራ ክንድ መሃል ላይ ባለው የነሐስ ቀለበት እስከ ክርን ይገባል፣ እጅ ደግሞ ጠርዙ አጠገብ ያለውን ገመድ ይጨብጣል። ክብደቱን ክንድ ይሸከመዋል፤ ሲደክም የጋሻውን ከንፈር ትከሻ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ጉዳቱስ? ክርኑ መሃል ላይ ስለታሰረ የጋሻው ግማሽ ከሰውየው በስተግራ ወጥቶ ይቀራል። የባለቤቱ ቀኝ ጎን ገላጣ ነው፣ በግራ የቆመው ሰው ግን የማይከፍልበት ከለላ ያገኛል።

ቱኪዲደስ በ418 ስለተደረገው የማንቲኔያ ጦርነት ሲጽፍ ይህን አስተውሎታል። እያንዳንዱ ሰው ገላጣ ጎኑን በቀኙ ካለው ሰው ጋሻ ሥር ለመክተት ጠጋ ጠጋ ስለሚል፣ ሰልፉ በሞላው ሲጓዝ ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ጥፋቱ የሚጀምረው ከቀኝ ዳር ካለው ሰው ነው፤ እሱ የሚጠጋው ስለሌለ ከጠላት ሊርቅ ይሞክራል፣ ሌላው ሁሉ ይከተለዋል። በሺህ የሚቆጠሩ ጀግኖች በፍርሃት ወደ አንድ ጎን ሲንሻፈፉ መገመት ነው። የጦርነት ጸሐፊ ሆኖ እንዲህ ያለውን ነገር መዝግቦ ያለፈ ሰው ብዙ አላውቅም።

ምሁራኑም የሚጣሉት በዚህ ጋሻ ላይ ነው። ስኮትላንዳዊቷ ሎሪመር እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመችው ጥናት፣ ይህ ጋሻ ለብቻው ለሚዋጋ ሰው አይረባም፤ ስለዚህ ጋሻውና ጥብቅ ሰልፉ፣ ማለትም ፋላንክስ፣ አብረው ተወለዱ አለች። ከዚያ ትልቁ ተረክ ይቀጥላል፦ ገበሬው ጋሻ ገዛ፣ በሰልፍ ቆመ፣ የባላባቱን ፈረስ ከንቱ አደረገ፣ ቀጥሎ በአደባባይ ድምፅ ጠየቀ። ዘሩን የዘራው አርስቶትል ራሱ ነው። ከነገሥታቱ በኋላ ሥልጣኑ የፈረሰኞች ነበር፣ ከተሞች አድገው ባለትጥቁ እግረኛ ሲበረታ ግን በመንግሥት ጉዳይ የሚካፈለው ሰው በዛ ብሎ ጽፏል። ስኖድግራስ እ.ኤ.አ. በ1965 ነገሩን ቀዝቀዝ አደረገው። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ከመቃብርና ከመቅደስ ቆጥሮ፣ ጥሩሩ፣ ቁሩ፣ ጋሻው፣ ገምባሌው በተለያየ ጊዜ የገቡ መሆናቸውን፣ ሰልፉ ደግሞ ከሁሉም በኋላ የሚታይ መሆኑን አሳየ። በቅርቡ ቫን ዊስ ይበልጥ ገፍቶ፣ እኛ የምናስበው የተጣበቀ ሰልፍ እስከ 5ኛው መቶ ዓመት ድረስ አልነበረም ብሏል። አሜሪካዊው ሀንሰን ደግሞ ራሱ ከገበሬ ቤት የወጣ ሰው ነውና የገበሬውን ተረክ እስከ መጨረሻው ይዞ ቆሟል።

እኔ ለውጡ በዝግታ መጣ ከሚሉት ጋር ነኝ፤ ምክንያቴም አንድ ማሰሮ ነው። «የኪጂ ማሰሮ» ይባላል፤ ቆሮንቶስ ውስጥ በ640 አካባቢ ተሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1881 ሮም አጠገብ ከአንድ የኤትሩስካውያን መቃብር የወጣ የወይን መቅጃ ነው። ቁመቱ ከስንዝር ብዙ አያልፍም። በላይኛው ዙሪያው ላይ ሁለት የጋሻ ሰልፍ ፊት ለፊት ይጋጠማል፤ በአንደኛው ወገን መሃል አንድ ልጅ አንገቱን ወደ ኋላ ለጥጦ ጥንድ ዋሽንት ይነፋል። ፋላንክስ ይኸውና፣ ያሉ ብዙ ናቸው። እጆቹን ልብ ብሎ ላየ ግን ሰዎቹ የያዙት ሁለት ሁለት ጦር ነው። ከሰልፉ ጀርባ ገና ትጥቅ የሚያጠልቁ አሉ፤ እነሱ ዘንድ የቆሙት ጦሮች ላይ ሠዓሊው የመወርወሪያ ቀለበት ሳይቀር ሥሎላቸዋል። አንዱን ወርውሮ በሌላው የሚወጋ ሰው የሚወረውርበት ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ጋሻው ከመጣ ከሁለት ትውልድ በኋላ እንኳን አሮጌው የሆሜር ዘመን ውጊያ ከአዲሱ ጋር ተደባልቆ ይኖር ነበር።

ገጣሚው አርኪሎኮስም በዚያው መቶ ዓመት የኖረ ነው። ትራቄ ውስጥ ሲዋጋ ጋሻውን ቁጥቋጦ ሥር ጥሎ መሮጡን በግጥም አወራ፤ ሌላ ገዝቼ እተካለሁ በሚል መንፈስ። ወሬው የሚጠቀሰው ለድፍረቱ ነው። ለእኔ ግን የሚናገረው ሌላ ነገር አለው፦ ጋሻ ገበያ ላይ የሚገኝ ዕቃ ነበር።

ለሽያጭ የቀረበው ደግሞ ጋሻው ብቻ አይደለም። ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ የግብፁ ቀዳማዊ ፕሳሜቲክ በ664 ዙፋን ለመያዝ ሲታገል በነበረበት ጊዜ የነሐስ ሰዎች ከባሕር መጥተው ይረዱሃል የሚል ትንቢት ተነግሮት ነበር። የመጡትም ነሐስ የለበሱ ኢዮናውያንና ካርያውያን ናቸው፤ ለዘረፋ ወጥተው በቅጥር ቀሩ። መሬት ተሰጣቸው፣ ልጆች ወለዱ። በ593 አካባቢ የዚያ ንጉሥ የልጅ ልጅ፣ ዳግማዊ ፕሳሜቲክ፣ በኩሽ ላይ ሲዘምት ግሪኮቹ አብረው ወጡ። ግሪኮች ያንን ከግብፅ በስተደቡብ ያለ ሀገር «ኢትዮጵያ» ይሉት ነበር፤ ዛሬ በካርታ ሱዳን ውስጥ ነው። ሲመለሱ አቡ ሲምበል ላይ በራምሴስ ግዙፍ ሐውልት እግር ላይ ስማቸውን ቀረጹ። አንዱ ከቴኦስ፣ አንዱ ከኮሎፎን፣ አንዱ ከሮድስ ደሴቷ ኢያሊሶስ። የእነሱ አለቃ ስሙ «የቴዎክሌስ ልጅ ፕሳሜቲክ» ነው፤ አባቱ የግሪክ ስም ያለው፣ እሱ የግብፅ ንጉሥ ስም የወጣለት። ጽሑፉን ዛሬም በድንጋዩ ላይ ማንበብ ይቻላል። ሆፕሊት ማለት ርስቱን የሚጠብቅ ገበሬ ነው የሚለውን ትረካ በሰማሁ ቁጥር ይህ የሩቅ አገር ሐውልት እግር ትዝ ይለኛል።

ይህም ሆኖ በሀገር ቤት ውሉ ከመሬት ጋር የታሰረ ነበር። ሶሎን በ594 አቴናውያንን በምርታቸው መጠን በአራት መደብ ከፈላቸው። ከላይ 500 መስፈሪያ የሚያስገቡ፣ ቀጥሎ 300 የሚያስገቡ ባለፈረሶች፣ ሦስተኞቹ 200 የሚያስገቡ፣ ከእነሱ በታች የቀን ሠራተኞች። የሦስተኞቹ ስም «ዜውጊታይ» ነው፤ ቃሉ የመጣው ከቀንበር ነው። ባለ ጥማድ ልንላቸው እንችላለን፣ በሬ የጠመደ ሰው። አንዳንዶች ቀንበሩ በሰልፍ ጎን ለጎን መቆምን ያመለክታል ይላሉ፤ እኔ በሬዎቹን አምናለሁ። (በአማርኛ «ጋሻ» ስንል የሚመከትበትንም፣ 40 ሄክታር ያህል መሬትንም መጥራታችን እዚህ ጋ ፈገግ ያሰኛል። ግሪኮቹ ሁለት ቃል ነበራቸው፣ ነገሩ ግን አንድ ነበር።)

200 መስፈሪያ ስንት ነው? ገብስ ቢሆን ወደ 60 ኩንታል ይጠጋል። ይህን በየዓመቱ የሚያስገባ ሰው እጁ ላይ ውሃ የሚቋጥር ጭቁን ገበሬ አይደለም፤ ደህና ባለርስት ነው። ቫን ዊስ ይህን ሒሳብ ሠርቶ የገበሬዎች መደብ የሚባለውን ሥዕል ብዙ አሳጥቶታል። በ6ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ላይ አቴንስ በሳላሚስ ደሴት ላሰፈረቻቸው ሰዎች ባወጣችው ድንጋይ ላይ የተቀረጸ ድንጋጌ ደግሞ፣ እያንዳንዱ 30 ድራክማ የሚያወጣ ትጥቅ በራሱ ወጪ እንዲያሟላ ታዟል። በሶሎን ዘመን አንድ በሬ 5 ድራክማ፣ አንድ በግ 1 ድራክማ ያወጣ እንደነበር ፕሉታርክ ጽፏል። መካከሉ መቶ ዓመት ገደማ ስለሆነ ዋጋው እንዳለ አይወሰድም፤ በዚያ ዋጋ ግን ትጥቁ 6 በሬ ነው። ሦስት ጥማድ ትከሻው ላይ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው።

መሸከሙንም ራሱ አይሸከመውም። ሆፕሊት ያለ ጋሻ ጃግሬ አይዘምትም ነበር። በ432 አቴናውያን ፖቲዳይያን ሲከቡ ከተማዋ ለአንድ ሆፕሊት በቀን 2 ድራክማ ትከፍል ነበር፤ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለአሽከሩ። በ479 ፕላቴያ ላይ 5,000 ስፓርታውያን ሲሰለፉ ሄሮዶቱስ ለእያንዳንዱ ሰባት ሄሎት፣ ማለት ሰባት ገባር፣ ይቆጥርለታል፤ 35,000 ሰው ነው። በማራቶን ሜዳም በ490 የወደቁት 192 አቴናውያን በክብር ጉብታ ሥር አሉ፤ ከእነሱ ተለይቶ የፕላቴያ ሰዎችና ባሮች የተቀበሩበት ሌላ መቃብር እንደነበር ፓውሳንያስ መዝግቧል። በማሰሮና በሐውልት ላይ ግን የሚሣለው ባለጋሻው ነው።

ስፓርታ ይህን ሁሉ ወደ ጫፍ ወሰደችው። እዚያ ሆፕሊት ሌላ ሥራ የለውም፤ መሬቱን የሚያርሱለት ሄሎቶች ናቸው። ማታ ማታ ከጓዶቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይበላል፤ ለማዕዱ የሚያዋጣው ገብስና ወይን ከርስቱ ይመጣል። ማዋጣት ያቃተው ከማዕዱ ይወጣል፣ ከማዕዱ የወጣ ከዜግነት ይወጣል። መሬቱ በጥቂት እጅ እየተሰበሰበ ሲሄድ ባለ ማዕዱ አነሰ፤ አርስቶትል በኖረበት ዘመን አንድ ሺህ እንኳን አይሞሉም ነበር።

ውጊያው ራሱ አጭር ነው። ፍየል ይታረዳል፣ ዝማሬ ይዘመራል፣ ደልዳላ ሜዳ ላይ ይጋጠማሉ፣ አንዱ ወገን ይሸሻል። ጠላት ዞሮ የሸሸበት ቦታ ላይ ድል አድራጊው የተማረከ ትጥቅ እንጨት ላይ ይሰቅላል፤ ተሸናፊው መልእክተኛ ልኮ ሬሳ ማንሻ ፈቃድ ይጠይቃል፣ በመጠየቁም መሸነፉን ያምናል። በሄሮዶቱስ ትረካ ፋርሳዊው ማርዶንዮስ ይህን ሲሰማ ይስቅባቸዋል፦ አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ሜዳ መርጠው ይተላለቃሉ ብሎ። እውነትም የባለርስት ጦርነት ነው፤ መኸር እንዳያልፍ ቶሎ የሚያልቅ።

ነውሩም ከዚሁ ይመነጫል። ቁር ወይም ጥሩር የጣለ ሰው ራሱን ይጎዳል፣ ጋሻ የጣለ ግን ሰልፉን ይጎዳል የሚል አነጋገር ፕሉታርክ በአንድ የስፓርታ ንጉሥ አፍ አስቀምጧል። አቴንስ ውስጥ ሰውን በሐሰት «ጋሻውን የጣለ» ብሎ መስደብ በሕግ ያስከስስ ነበር፤ አባቱን ደበደበ ከማለት ጋር እኩል ከተከለከሉ ቃላት አንዱ ነው። ይህን ያወቅነው ሊስያስ ለአንድ ባለጉዳይ ከጻፈለት የፍርድ ቤት ንግግር ነው። ሊስያስ ደግሞ ጋሻን ከማንም በላይ ያውቃል፦ የቤተሰቡ ሀብት የጋሻ ፋብሪካ ነበር። በ404 አቴንስን የገዙት ሠላሳዎቹ አምባገነኖች ንብረቱን ሲወርሱ 700 ጋሻና 120 ባሪያ ወሰዱ። አባቱ ከሲራኩዝ የመጣ መጤ ነዋሪ ስለሆነ ሊስያስ አቴንስ ውስጥ ድምፅ መስጠት አይችልም ነበር። ለሌላው ዜግነት የሚያስከብር ጋሻ በመጋዘኑ ደርድሮ፣ ራሱ ከአደባባይ ውጭ።

ከዚያ በፊት ግን ጋሻው መዋረድ ጀምሯል። በ425 ፒሎስ አጠገብ ስፋክቴሪያ በምትባል ድንጋያማ ደሴት ላይ 420 ሆፕሊቶች፣ የስፓርታ ዜጎችም ያሉባቸው፣ ተከበቡ። አቴናውያን ቀስተኛና ወንጫፊ፣ ጦር ወርዋሪና ቀዛፊ ሳይቀር ለቀቁባቸው። ሲጠጓቸው ይሸሻሉ፣ ሲመለሱ ይወረውራሉ። ከለላው ከብዶ ሸክም ሆነ። 292 ሰዎች ጋሻቸውን ዝቅ አድርገው እጅ ሰጡ፤ መላው ግሪክ ማመን አቃተው። ከተማረኩት ጋሻዎች አንዱ ከአቴንስ ገበያ አደባባይ ተቆፍሮ ወጥቷል፤ ዛሬ እዚያው በሚገኘው ሙዚየም መስታወት ውስጥ ነው። እንጨቱ በስብሶ ነሐሱ ብቻ ቀርቷል፣ ተጣሞ ሞላላ ሆኗል። ፊቱ ላይ በነጥብ በነጥብ እየተወጋ አቴናውያን ከፒሎስ ከስፓርታውያን የወሰዱት መሆኑ ተጽፎበታል። ባለቤቱ አልተጻፈም።

ከዚህ በኋላ ያለው በፍጥነት ይሄዳል። በ390 ሌካዮን አጠገብ አቴናዊው የጦር አዛዥ ኢፊክራቴስ በቀላል ጋሻና በውርውር ጦር የታጠቁ ቅጥረኞችን ይዞ ከ600 የስፓርታ ሆፕሊቶች 250 ያህሉን ጣለ። በ371 ሌውክትራ ላይ ቴባውያን ሃምሳ ሰው ጥልቀት ያለው ሰልፍ ይዘው መጡ፤ የስፓርታውያን አሥራ ሁለት ነበር። ከ700 የስፓርታ ዜጎች 400 በአንድ ቀን ወደቁ። በ338 ካይሮኔያ ላይ የመቄዶንያው ፊሊጶስ የአቴንስንና የቴባን ሆፕሊቶች ሰበረ፤ የእሱ እግረኛ ረጅም ጦሩን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ትንሽ ጋሻ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዓመቱን ሙሉ ደመወዝ እየበላ።

አቴናውያን ከካይሮኔያ በኋላ የወጣቶቻቸውን ሥልጠና አደራጁ። አሠራሩ በአርስቶትል ስም በሚታወቀው «የአቴናውያን ሥርዓተ መንግሥት» ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ይመዘገባል። አንድ ዓመት ወደብ ሲጠብቅና በጋሻና በጦር፣ በቀስት፣ በመወርወሪያ መሣሪያ ሲለማመድ ይከርማል። በሁለተኛው ዓመት ሕዝቡ በቴአትሩ ተሰብስቦ የሰልፍ ልምምዱን ያያል፤ ከዚያ ከተማዋ ጋሻና ጦር ትሰጠዋለች፣ ድንበር ሊጠብቅም ይወጣል። ለቀለቡ በቀን 4 ኦቦል ተቆርጦለታል። የአርጎሱ ሰው ይዟቸው የተቀበረው 12 ዘንጎች፣ በስማቸው ካሰላናቸው፣ የዚህ ልጅ የሦስት ቀን ቀለብ ናቸው።